ጢም ያላት ወይዘሮ

እፍረት የሚያርፈው ማፈር በሚገባው ሰው ላይ ብቻ ይመስላችኋል? የለም፤ ክፍት ያገኘው ደጅ ይገባል። ባለቤቱ ደግሞ ዳር ቆሞ «ወይ ጉድ!» እያለ ከሰው ጋር ይስቃል።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ቢቸና የተመደብኩ አስተማሪ ነበርኩ፤ ሀብቴ አንድ አኮርዲዮንና በደንብ የተከረከመ ጢም። ከሞጣው አዝማሪ ከደምሌ ጋር የተዋወቅነው ኮሪያ ዘምተው በተመለሱት በአሥር አለቃ ተገኝ ቤት ነው። አሥር አለቃ ከጃፓን ያመጡት አንድ ሸክላ ነበራቸው፤ ሁለት ወንዶች እየተቀባበሉ የሚያንጎራጉሩበት። ዜማው ለጆሯችን ቅርብ ስለሆነ፣ ቃሉ ባይገባንም በማሲንቆና በአኮርዲዮን አጠናነው።

«እነዚህ በቶኪዮ ስማቸው የገነነ ናቸው፤ አንድ ቤት ይኖራሉ» አሉን አንድ ቀን። «ሰዉ ወንድማማች ናቸው ይላል። አይደሉም።»

ከዚያ ወዲያ ደምሌ ሰበብ እየፈለገ በደብረ ወርቅ በኩል ቢቸና ይመላለስ ጀመር፤ የሚያርፈውም እኔ ዘንድ ነው። እወደው ነበር። ይኸው፣ ተናገርኩት።

አንድ ሠርግ ላይ አብረን ስንጫወት አሥር አለቃ ሞቅ ብሏቸው ተነሡ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል።

«ተቀበል!
ከሞጣ ቢቸና ምን ያመላልሰዋል፣
ጢም ያላት ወይዘሮ ደጇ ይስበዋል!»

የተሰጠውን ግጥም አልቀበልም ያለ አዝማሪ ማሲንቆውን ሰቅሎ ሞፈር ይጨብጥ። ደምሌ አንገቱን ደፍቶ፣ በራሱም በእኔም ላይ ተቀበለ። ነገሩ ከታወቀ እኔ ከትምህርት ቤት፣ እሱ ከሠርግ ቤት መባረራችን ነው። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ።

ቢቸና ግን «ወይዘሮ» ሲሏት ወንድ ልታስብ ነው? ሴት ፈለገች፤ አገኘችም። ጎረቤቴ እትዬ አልጋነሽ፣ ባላቸው የሞተባቸው ጠላ ሻጭ፣ ከላይኛው ከንፈራቸው ላይ ጠጉር ጣል ጣል ያለባቸው ናቸው። በገበያ «የአዝማሪው ውሽማ» ተባሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ፈቀቅ ይሉባቸው ጀመር። እኔ ጀግናው ደግሞ በሠርጉ ማግሥት ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጢሜን ተላጨሁ።

እፍረቱ እንቅልፍ ሲነሳኝ ልነግራቸው ሄድኩ።

«እትዬ፣ ያቺ ጢም ያላት የተባለችው እኮ እርስዎ አይደሉም…»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ ጠላ እየቀዱልኝ። «ቤታችን አጥር ለአጥር አይደል? ያን የባዕድ ዘፈን ስትቀባበሉ እሰማለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እኔን ቢያሙኝ አምተው አምተው ይደክማቸዋል። እናንተን ግን ያጠፏችኋል።» ጣሳውን አቀበሉኝና የተላጨ ከንፈሬን አይተው ሳቁ። «ይልቅ ጢምህን መልሰህ አሳድግ። ለዚህ ከተማ ጢም ያላት ሴት እኔ አንዷ እበቃለሁ።»

አሳደግሁት። አሁን ሸብቷል። መስተዋት ፊት ቆሜ ስከረክመው ዛሬም አፍራለሁ፤ በደምሌ ግን አይደለም።