በር ብቻ የነበረው ቤት

ቤት ያጣ ሰው የሚከፋው ዝናብ ሲመታው ይመስላችኋል። ዝናብማ በሬውንም ይመታዋል! የተማሩት ምን እንደሚሉት አላውቅም፤ እኔ እንዳየሁት ግን ሰውን የሚጎዳው «ልግባ?» ብሎ የሚጠይቀው ማጣቱ ነው።

አያ ዋሴ የመራዊ ገበሬ ነበሩ። በደርግ ጊዜ መንደር ምሥረታ የሚሉት መጣና ቤታቸው ፈረሰ፤ አዲሱ ጎጆ ሳይከደን ሚስታቸው አረፈች። እሳቸውም የዋንዛ በራቸውን ተሸክመው ባሕር ዳር ገቡ። የበሩ ክብደት! አሳርፈውት ያለፉበት ቦታ ሁሉ ጎድጉዶ እስከ ዛሬ ውኃ ይቋጥራል። ዋሸሁ? ሂዱና እዩ።

ጣና ዳር፣ በሁለት ሾላዎች መካከል፣ በጠፍር አስረው አቆሙት። ጣራ የለ፣ ግድግዳ የለ። በር ብቻ። ማታ ማታ ከውስጥ ይቀረቅሩታል።

ለምነው አያውቁም። ቁራሽ በጎን ብታቀብላቸው፣ ሆዳቸው እየጮኸ፣ ዞር ብለው አያዩህም። አንኳኩተህ «ቤት ለእንቦሳ!» ካልህ ግን «እንቦሳ እሰሩ! ግቡ፣ ግቡ!» ብለው ይቀበሉህና ያመጣኸውን ዳቦ ቆርሰው አንተኑ ይጋብዙሃል። እንግዳ ይዞት የመጣ ነዋ፣ ምጽዋት አይደል! እንዲህ ሆኖ ሰፈሩ አንዱን ቤት ዓመቱን ሙሉ ሲመርቅ ከረመ።

ክረምቱ ሲገባ ሳል ያዛቸው። የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በሩን ግን በጎን ዞሮ ገባ።

«አባት፣ ባዶ ክፍል አለን። ስብሰባ ላይ "ቤት የለኝም" ይበሉና ይግቡበት።»

«በግድግዳ የሚገባ ሌባ ነው» አሉ አያ ዋሴ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«ኧረ ሜዳ ላይ ነው ያሉት!»

«ልጄ፣ ሁለት ቤት በአዋጅ የተከለከለ አይደለም? ትርፍ ቤት አስይዘህ ልታሳስረኝ ነው?»

ለማየት የተሰበሰብነው ሁሉ ሳቅን። የእኔማ ሳቅ ዓባይ ማዶ ተሰምቶ አህዮች መለሱልኝ። አያ ዋሴም ሊስቁ ብለው ሳሉ፤ ሳሉ፤ አላቆም አላቸው።

ሰው ሲበተን አንኳኩቼ ገባሁ። «አያ ዋሴ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት። ይበሏትና ይዳኑ።»

«አንተ ቀልደኛ፣ እሷን ካልሁ በኋላ እዚያ ክፍል የሚገባው ማን ነው? ዋሴ አይደለም።»

አንድ ጠዋት ዳቦ የያዙ ሴቶች አንኳኩተው መልስ አጡ። ተሰበሰብን። በሩ ተቀርቅሯል። አያ ዋሴ ከበሩ ኋላ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኝተዋል፤ ዝናቡ ይወርድባቸዋል፤ አይነቃነቁም። ሁላችንም እናያቸዋለን። በጎን ዞሮ የሚገባ ግን ጠፋ። እኔ ነብርን በጆሮው ጎትቼ ያመጣሁት ሰውዬ፣ እግሬ እንቢ አለኝ።

ሊቀመንበሩ ተጠርቶ መጣ። አየ። ባርኔጣውን አወለቀና ከበሩ ፊት ቆሞ አንኳኳ።

«ቤቶች!»

ጠበቅን።

«ቤቶች!... አባት፣ ልግባ?»

ጣና በዚያ ክረምት የሞላው በዝናብ ነው የሚላችሁ ሰው ካለ፣ አትመኑት።