ጋሽ ሀይሉ ኪቦርድ ሲገመግሙ

መብራት የሌለው ከተማ ይኖራል፤ ውሃ የሌለው ሰፈርም ሞልቷል። ሰብሳቢ የሌለው ሰፈር ግን በዚህ አገር አላየሁም። ሁለት ሰው ጥላ ስር ቆሞ ሲያወራ ካየ «በሉ አጀንዳ እናስይዝ» የሚል አንድ ሰው የትም አይጠፋም። ሸዋ ሮቢት አውራ ጎዳና ዳር ለተደረደርነው አምስት ሱቆች የተሰጡን ክቡር ሰብሳቢያችን ጋሽ ሀይሉ ናቸው።

ጋሽ ሀይሉ ከኅብረት ሥራ ማኅበር ጡረታ ወጥተዋል። እሳቸው ጡረታ ወጡ እንጂ ግምገማቸው አልወጣም። ጥግ ላይ ባለችው ጠባብ ሱቃቸው ጋዜጣና የስልክ ካርድ ይሸጣሉ፤ እሱ ለይስሙላ ነው፣ ዋና ሥራቸው እኛን መገምገም ነው። የከዲጃ ጁስ ቤት ዝንብ ሲበዛበት ገምግመዋል። የአደም ጸጉር ቤት ወረፋ ሲረዝም ገምግመዋል። የእኔ ፎቶ ኮፒ ማሽን ወረቀት ስትበላ፣ ማሽኗን ትተው እኔን ገመገሙኝ። መደምደሚያቸው ሁሌ አንድ ነው፤ «ይሄ የግብዓት ችግር አይደለም፤ ይሄ የአመለካከት ችግር ነው።» ከዚያ ጥፋተኛው ተነስቶ ግለ ሂስ ያደርጋል። «ሂስህን ዋጥ» ይባላል፤ ይውጣል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ሰዓቱ ነበር። ስብሰባው ሁሌ በምሳ ሰዓት ነው። ሸዋ ሮቢት በሚያዝያ እኩለ ቀን ላይ እንኳን ሰው ግድግዳውም ያልበዋል፤ እኛ ግን ምሳ ዕቃችንን ይዘን በረንዳቸው ላይ እንደረደራለን። አንዴ አደም «ጋሼ፣ ወደ ማታ ቢሆንስ? ነፋስ ነፈስ ሲል?» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። «ማታ ማታ ሰው ቤተሰብ አለው» አሉና ሐሳቡን ጣሉት። እንደ ደንቡ ድምፅ መሰጠት ነበረበት፤ ማን ይናገራል?

እንግዲህ በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ኪቦርዱ የሞተው በእኚህ ሰው ዘመነ መንግሥት ነው።

ኪቦርዱ የአቤል ነው። አቤል ከእኔ ጎን ሙዚቃ ቤት አለው፤ ሰርግ ሲሆን ኪቦርዱን ተሸክሞ ይወጣል። የዚያን እሑድ የምትዳረው ግን የገዛ እህቱ ብርቱካን ናት። አባት የላቸውም፤ ያሳደጋት እሱ ነው። ሙሽራው የደብረ ሲና ልጅ ነው፤ ወገኖቹ «ተጫዋች ከእኛ ይምጣ» ሲሉ አቤል እምቢ አለ። «እህቴንማ ሌላ ሰው ተጫውቶ አይሸኛትም» አለ። ታዲያ ሰርጉ ይመር ብሎ፣ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው በፍላሽ የላከለትን አዲስ ሶፍትዌር ሐሙስ ረፋድ ላይ መጫን ጀመረ። ስክሪኑ «እንዳታጠፉኝ» እያለ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራቱ እልም አለ። ሲመለስ ኪቦርዱ የፋብሪካውን ስም ብቻ ጽፎ ፈዞ ቀረ። አጥፍቶ ቢያበራው ያው ስም፤ ቁልፎቹን ቢነካካው ዝም።

አደም የሸዋ ሮቢት ሰው ነውና ምክንያቱን ለማወቅ አልተቸገረም። «ሙቀት መትቶት ነው» አለና ቬንትሌተሩን ከደንበኛው ራስ ላይ አንስቶ ለኪቦርዱ አዞረለት። ከዲጃ እርጥብ ጨርቅ ይዛ መጣች፤ አቤል ለምኖ አስቆማት። ጋሽ ሀይሉ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስክሪኑን ብዙ አዩት። መፍትሔ ሊናገሩ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስብሰባ አለ» አሉ።

አጀንዳው «የኪቦርዱን ወቅታዊ ሁኔታ መገምገም» ነበር። አቤል ከጓደኛው ጋር በስልክ ተነጋግሮ መጣ። መድኃኒት አለው። ፍላሹን አጽድቶ ያንን ፋይል ብቻ መጫን፣ ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ ኪቦርዱን ማብራት፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ መጠበቅ።

«ግን መሃል ላይ መብራት ደግሞ ከጠፋ በቃ፣ አይነሳም አለኝ» አለ።

«ችግሩን ከሥሩ እንየው» አሉ ጋሽ ሀይሉ። «ረፋድ ላይ መብራት የጠፋው በከተማው ነው በእኛ?»

በእኛ ብቻ ነበር። አምስታችንም የምንጠቀመው በአንድ ቆጣሪ ነው፤ ጭነት ሲበዛ ብሬከሩ ይወርዳል። ለዚህም ነው ጋሽ ሀይሉ ራሳቸው ሰብስበው «በዚህ ቆጣሪ ላይ ስቶቭ የሰካ ከመስመራችን የወጣ ነው» ብለው ያስወሰኑን።

ግለ ሂሱ ተጀመረ። ከዲጃ ተነሳች። «ወላሂ ማንጎ እየፈጨሁ ነበር። ማንጎ መቼ ፈጭቼ አላውቅም ታዲያ? ይሁን፣ ሂሴን ውጫለሁ።» አደም የጸጉር ማሽኑን ሰክቶ ነበር፤ ዋጠ። እኔ የተማሪ ፈተና እያባዛሁ ነበር፤ ዋጥኩ።

«አይበቃም» አሉ ጋሽ ሀይሉ። «ይሄ የሁልጊዜ ጭነት ነው። ሌላ የተሰካ ነገር አለ። ይሄ የአመለ...»

አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሱ። ያን ሁሉ ዘመን ስንገመገም እሳቸው ተነስተው አያውቁም፤ ሰብሳቢ አይገመገምማ።

«ስቶቭ የሰካሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ለምሳ ሽሮ ልሠራ ብዬ። ባለቤቴ ከበቡሽ ካረፈች ወዲህ ቤት ሄጄ ብቻዬን መብላት አልሆነልኝም። እዚህ፣ ከእናንተ ጋር ሲሆን ይወርድልኛል።» ወደ አቤል ዞሩ። «ሰርጋችሁን ያጨለምኩት እኔ ነኝ ልጄ። ሂሴን ልዋጥ።»

ማናችንም «ይዋጡ» አላልንም። ስንቱን ምሳ ሰዓት የረገምኳቸው ሰውዬ፣ ለካ የሚሰበስቡት አብሯቸው የሚበላ ሰው ነበር።

ከዲጃ ወደ ሱቃቸው ውስጥ አየት አደረገች። «ሽሮው ታዲያ ደረሰ ጋሼ?»

«አረረ» አሉ።

ባርኔጣቸውን መልሰው ካደረጉ በኋላ ግን ያው ጋሽ ሀይሉ ሆኑ። በአምስታችንም ሱቅ ከኪቦርዱ በቀር የተሰካውን ሁሉ ነቀሉ። አልበቃቸውም፤ «ትራንስፎርመሩም የጋራ ነው» ብለው ከላይም ከታችም ያሉትን ቤቶች በር በር አንኳኩ፤ «የልጃችን ሰርግ ነው፣ ለሃያ ደቂቃ ብቻ» እያሉ። ድሮ ገምግመው ያስለቀሷቸው ሁሉ፣ በዚያ ቀትር፣ ቬንትሌተራቸውን አጥፍተው ደጃፍ ላይ ወጡ። አቤል ፍላሹን ሰክቶ ኪቦርዱን አበራ፤ በላብ ተነክረን ዝም ብለን ቆምን። ማንጎ ሊገዛ ከአውቶቡስ የወረደ መንገደኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለቅሶ ነው?» አለኝ። «ግምገማ ነው» አልኩት።

ሃያው ደቂቃ ሲያልቅ ስክሪኑ ጠፍቶ በራ። አቤል አንድ ቁልፍ ነካ። ኪቦርዱ ጮኸ። አቤል ፊቱን በክንዱ ሸፈነ፤ አደም ቬንትሌተሩን ሊሰካ ሮጠ።

እሑድ አቤል እህቱን ራሱ ተጫውቶ ሸኛት። ከደጋው ጋቢ ደርበው የወረዱት የደብረ ሲና ሰዎች በሁለተኛው ዘፈን ጋቢውን ጣሉ።

ሰኞ ስድስት ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል አራታችንም ምሳ ዕቃችንን ይዘን በረንዳቸው ላይ ተደረደርን። ማንም አልጠራንም። ጋሽ ሀይሉ ደንገጥ ብለው ወጡ። «አጀንዳ አልያዝኩም እኮ።»

«ምሳ ነዋ» አለች ከዲጃ፤ ትኩስ ሽሮ ከነድስቱ አስቀመጠችላቸው።

ጋሽ ሀይሉ ሽሮውን አዩት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሰዓታቸውን አዩ።

«ታዲያ አምስት ደቂቃ ምን አዘገያችሁ? ይሄ የአመለካከት ችግር ነው» አሉ። ድስቱን ግን ወደ መሃላችን ገፋ አደረጉት። እኛም ሂሳችንን ከሽሮው ጋር ዋጥን።