የእርማት ክፍሉ ኦፌሊሞስ

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የግሪክ ቃል የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ሁለት የሚያውቅ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። አንዷ ለዕድሜ ልክ ትበቃለች መሰለኝ።

የእኛው ሊቅ በማተሚያ ቤታችን የእርማት ክፍል ሠላሳ ዓመት የሠሩ አዛውንት ናቸው። ቃላቸው «ኦፌሊሞስ» ናት። ከጳውሎስ መልእክቶች አግኝተዋት አልለቀቋትም። በሌሉበትም የምንጠራቸው በዚችው ነው።

«ጋሼ፣ 'ጠቃሚ' ማለት ነው አይደል?» ብሎ ለመገላገል የሞከረ ወዮለት።

«ያንስባታል!» መነጽራቸውን ያወልቃሉ። «ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ወርቅ ውድ ነው፤ ኦፌሊሞስ ግን አይደለም። ኦፌሊሞስ ለሌላው የሚተርፍ ነው። ገባህ?»

ገባኝ ያላለ ምሳ አይበላም።

በዚህች ቃል ያልተመዘነ ነገር የለም። እግሩ የተሰበረው ወንበር ተመዝኖ ወደቀ። የሰኞው ስብሰባም ወደቀ። ኃላፊያችን ጠዋት ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ወገቡን ሲያፍታታ፣ «ጳውሎስ ለስፖርትም ይህችኑ ቃል ጽፏታል፤ ግን ለጥቂት ብቻ ይጠቅማል ብሎ ነው» አሉት። እኔ ሻዬ ላይ ሦስተኛ ማንኪያ ስኳር ስጨምር ዝም ብለው ያዩኛል። ዝምታቸውም ግሪክኛ ነው።

ሥራችን የጥንድ ነው። እኔ የተተየበውን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሳቸው የደራሲውን ረቂቅ ይዘው ይከታተላሉ። ባለፈው ወር ተሳስቼ የሌላ መጽሐፍ ረቂቅ ሰጠኋቸው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጣታቸውን በየመስመሩ እያስኬዱ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ተከታተሉኝ። ገጽ ሁሉ ገለጡ!

«ጋሼ... አያዩም እንዴ?»

ጣታቸው ቆመ። «ጥላ ጥላውን ነው የማየው። ልጄ፣ አደራህን ለኃላፊው እንዳትነግርብኝ። እዚህ ካልጠቀምኩ የት ልጠቅም ነው?»

አንጀቴን በሉት። ለማንም አልተነፈስኩም። ኃላፊው ግን ከክፍላችን አንድ ሰው እንዲቀንስ ታዞ ኖሮ ትናንት መጣ። «አዛውንቱ አሁን ምን ይሠራሉ? እስቲ ልይ» ብሎ አጠገባችን ተቀመጠ።

ቶሎ አንድ ተንኮል አሰብኩ፤ አምስተኛው መስመር ላይ አንድ ቃል ሆን ብዬ እዘላለሁ፣ ሐሳቡ ሲቆረጥ በጆሯቸው ይይዙኛል፣ ሰውየውም ይደነቃል። የልብ ወለዱን ዘጠነኛ ምዕራፍ ማንበብ ጀመርኩ። የባለታሪኳ አጎት በሩን ከፍተው ገቡና ሻይ አዘዙ።

«ቁም!» አሉኝ ጋሼ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። «እኚህ ሰውዬ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ተቀብረው የለም እንዴ?»

ኃላፊው ወደ ኋላ ገለጠ። በእርግጥም ተቀብረዋል፤ የለቅሶው ብቻ አራት ገጽ ነው። ዘጠነኛውን ምዕራፍ ደራሲው ጽፎታል፣ ኃላፊው ፈርሞበታል፣ እኔም ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

«ደራሲው ጋ እኔ ልደውል» ብሎ ኃላፊው ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለና፣ «ጋሼ፣ አሥረኛውንም ቢሰሙልን» አላቸው።

እኔ ልዘላት ያዘጋጀኋት ቃል ገና ሁለት መስመር ይቀራት ነበር።