የጃፓን ቦዝ አንቀጽ

ዝም ማለት የሚፈልግ ሰው ገዳም መግባት አያስፈልገውም፤ የሰው አገር ቋንቋ ይጀምር። ጀማሪ ምን የመናገር ዐቅም አለው? «ይህ እርሳስ ነው።» «ያ በር ነው።» «ነገ ማክሰኞ ነው።» አለቀ። በአማርኛ አንድ ሰው ሰላም ካላችሁ፣ ገና ሦስተኛው ቃል ላይ ቁስላችሁን ይነካዋል። በጃፓንኛ ግን ወራት ሙሉ ስለ እርሳስ ብታወሩ ማንም «እግዜር ያጥናህ» አይላችሁም። የጀማሪውን መጽሐፍ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ፈልጌዋለሁ፤ የሚሞት ሰው የለበትም። ሰዎቹ ይነሣሉ፣ ቁርስ ይበላሉ፣ ባቡር ይሳፈራሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። ሁሉም ይመለሳሉ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሌላ አላውቅም።

እኔ የታች ጋይንት ገበሬ ነኝ። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ወደ ገብሴ ተመለስኩ። ታዲያ ጋይንትን ከጃፓን ምን አገናኘው? በስልክ በነጻ የሚያስተምሩ፣ ፈተናውን ያለፈውንም ለስድስት ወር የእርሻ ሥልጠና የሚወስዱ ሰዎች አሉ ተባለ። ያስመዘገበችኝ ሚስቴ ትርንጎ ናት። «ሂድና የነሱን ገብስ አይተህ ና፤ የኛው እንደሆነ ላንተ የሚነግርህ ነገር አልቆበታል» አለችኝ። ትምህርቱ በተጀመረ በሁለተኛው ወር ታመመች። በሦስተኛው ቀበርኳት። ይኸው ሰባት ወር ሆነ።

አራት ዓመት የሆናት ማኅሌት የምትባል ልጅ አለችን። በቀብሩ ቀን ጎረቤት ወስደዋት ነበር። ልጅቷን ሊያሳድጉልኝ ቤቴ የገቡት የአባቴ እኅት እትዬ ዘውዲቱ ናቸው፤ «እማ የት ሄደች?» ብትላቸው «ጠበል ሄዳለች» አሏት። እኔም አላስተባበልኩም። መንደሩም ተቀበለው። ችግሩ ጠበሉ የት እንደሆነ ተነጋግረን አለመስማማታችን ነው። እትዬ በደብረ ታቦር በኩል ነው ይላሉ፤ እኔ አንድ ቀን ተሳስቼ በስማዳ በኩል አልኩ። ልጅቷ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየት አድርጋ ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች። ውሸት ሲጀመር ቀላል ነው፤ አድራሻ ሲጠየቅ ነው የሚከብደው።

ትምህርታችን ዓርብ ዓርብ ነው። ዓርብ ደግሞ የከተማችን የአርብ ገበያ ገበያ የሚውልበት ቀን ነው። ኔትወርክ በደንብ የሚይዘው ከእህል ተራው ጀርባ፣ አህዮች የሚታሰሩበት ጉብታ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ጃፓንኛ የምማረው በአህዮች መካከል ቆሜ ነው። መምህርቴ ጃፓናዊት ናት። ሰንሰይ እንላታለን፤ መምህር ማለት ነው። አገራችን ኖራለችና አማርኛ ትችላለች፤ ግን እንደ ዘር እህል ቆጥባ ነው የምታወጣው።

ጉዱ የፈላው ባንዱ ዓርብ ነው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ስጠብቅ እትዬ ዘውዲቱ ጉብታውን እያለከለኩ ወጡ። ስማዳ አንዲት ልጅ አለች አሉኝ። የቄስ ልጅ፣ እጇ የማይሰንፍ፣ አንደበቷ የታረመ። እትዬ፣ ትምህርት ላይ ነኝ እኮ ብላቸው፣ «ተማር፤ ማን ከለከለህ? እኔ የማወራው ስለ ልጅቷ ነው» አሉና ቀጠሉ። ወዲያው ሰንሰይ መጣች። የሥልጠናውን ቅጽ እየጠየቀች ልትሞላልኝ ነው፤ በሚቀጥለው ዓርብ ይላካል። ስም? መለስኩ። ዕድሜ? መለስኩ። ሥራ? ገብስ አልኩ። ቀጥላ እንዲህ አለችኝ፦ «ኬኮን ሺቴ ኢማስ ካ?»

ኬኮን ጋብቻ መሆኑን ዐውቃለሁ። «ቴ ኢማስ» የምትለዋን ጭራም ተምሬያታለሁ። «ታቤቴ ኢማስ» ማለት እየበላሁ ነው፤ «ዮንዴ ኢማስ» ማለት እያነበብኩ ነው። እንግዲህ ገጣጥሙት። «እያገባህ ነው ወይ?» ማለቷ አይደል?

ጃፓን ሳይቀር! በፊቴ እትዬ ቆመዋል፣ በጆሮዬ ጃፓን ገብቷል፤ መቼ ተገናኝተው እንደተማከሩብኝ እግዜር ይወቅ። ደሜ ፈላ። «ኢኤ! ሺቴ ኢማሴን!» ብዬ ጮህኩ፤ እያገባሁ አይደለም ማለቴ ነው። እህል ተራው ዞሮ አየኝ። እትዬ ደንግጠው «ማንን ነው የምትቆጣው? ቻይናዎቹን?» አሉኝ። ከጎኔ የታሰረው አህያ አናፋ።

ሰንሰይ ከቆጠበችው አማርኛ ዘግና አወጣችና ቀስ ብላ «እሺ። አላገባህም። ጻፍኩ» አለችኝ። አስከትላ ልጅ አለህ ወይ ብላ በጃፓንኛ ጠየቀችኝ። አለኝ አልኩ። «አላገባህም፤ ልጅ አለህ» ብላ ደገመችው። አፌን ስከፍት ኔትወርኩ ጠፋ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ብገልጠው፣ የቀረሁበት ትምህርት ኖሯል። የቀረሁትም የትርንጎ አርባ የዋለበት ሳምንት ነበር። ለካ «ቴ ኢማስ» ሁልጊዜ «እየ» አይደለም። አንዳንድ ግሶች አሉ፤ ድርጊታቸው አልቆ የተወው ነገር ብቻ ሲቀር ይህችኑ ጭራ ይይዛሉ። መከፈት አልቆ ክፍትነቱ ይቀራል። መሄድ አልቆ ከቤት መታጣቱ ይቀራል። ማግባት አልቆ ትዳሩ ይቀራል። ሰንሰይ የጠየቀችኝ «ባለ ትዳር ነህ?» ብላ ነው። እኔም በአደባባይ ትዳር የለኝም ብዬ ማልኩ። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ቢክድ ዶሮ ጮኸበት፤ እኔ አንድ ጊዜ ብክድ አህያ አናፋብኝ። እንደየማዕረጋችን ነው።

ግን ምን ብዬ ላርመው? አዎ፣ ባለ ትዳር ነኝ ልበል? ማግባቱስ አግብቻለሁ፤ የቀረው ምንድን ነው? የለም ብል ደግሞ ትርንጎን ከነጭራሿ አልነበረችም ማለት ነው። በመካከል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ እሱን ብናገር ቅጹ ይስተካከላል። ያን ዓረፍተ ነገር ግን በሰባት ወር ውስጥ በአማርኛም ተናግሬው አላውቅም። ለሰው የምናገረው «ያው… እንግዲህ…» ብዬ ነው፤ ሰውም ይገባዋል፣ ከንፈሩን ይመጣል፣ ያልፋል። ቅጽ ግን ከንፈር አይመጥም።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቼ የድጓ ትምህርት ቤት ወዳለበት ወደ ጋይንቱ ቤተ ልሔም ሄድኩ። ልጅ ሆኜ ዳዊት ያስደገሙኝ የኔታ እዚያ አሉ። ድጓውን ያስመሰከሩ፣ ቅኔውን ጎጃም ወርደው የዘረፉ፣ ዛሬ ዐይናቸው ደከም ያለ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን አጫወትኳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ጃፓንኛ ለገበሬ ምን ያደርጋል ይል ነበር። እሳቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ግሱ እንዴት ይረባል?»

አረባሁላቸው። «ሺቴ» ለብቻው ሲሆን ምን ማለት ነው አሉኝ። አድርጎ ማለት ነው አልኳቸው።

«አድርጎ ብለህ ዝም ትላለህ?»

«አልልም፣ የኔታ። ቀጣይ ይፈልጋል።»

«ቦዝ ነዋ! ሥራ ፈት አንቀጽ። ብቻውን ቤት አያቆምም፤ ማሰሪያ ይፈልጋል። ማሰሪያውስ? ያ ኢማስ ያልከው?»

«እሱ ለብቻው ሲሆን አለ ማለት ነው።»

የኔታ የዝንብ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ መቱት። «አድርጎ አለ! አድርጎአል! አድርጓል!» አሉ። «አግብቶ አለ፤ አግብቷል። ሄዳ አለች፤ ሄዳለች። ይሄንን ለመማር ባሕር መሻገር ምን አስፈለገህ? ከእናትህ ጡት ጋር የጠባኸው አይደለም እንዴ!»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አሥር ዓመት ትምህርት ቤት ስመላለስ፣ «አግብቷል» በሚለው ቃል ጓዳ ውስጥ «አለ» ተቀምጦ እንደሚኖር የነገረኝ ሰው አልነበረም። እሳቸው ግን ሰምተውት በማያውቁት ቋንቋ፣ ከአንድ ገበሬ አፍ፣ በአንድ ቁጭታ አገኙት። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይላል ያገሬ ሰው፤ የኔታን ግን ማን ደፍሮ ይበል!

ልባቸው ሞቀ። ሌላስ ምን አላቸው አሉኝ። ለጃፓኖች «አለ» ሁለት ነው አልኳቸው። ነፍስ ላለው «ኢሩ» ይላሉ፤ ጨዋ መልኩ ያ «ኢማስ» ነው። ለበር፣ ለወንበር፣ ለገብስ ሌላ ነው። የሁለተኛው ጨዋ መልኩ «አሪማስ» ነው፤ ጨዋነቱን አውልቆ ሲቀር ግን ጋይንት ውስጥ በሽማግሌ ፊት የሚጠራ ቃል አይደለም። አንባቢ የ«ኢሩ»ን መነሻ ፊደል ከ«አሪማስ» ተውሶ ራሱ ይሞክረው፤ እኔ አልጽፈውም። የኔታ «ቃል ምን ነውር አለው፤ በለው» ብለው ያዙኝ። አልኩት። ከዋርካው ሥር ድጓ ሲቀጽሉ የነበሩት ተማሪዎች ዜማ መሐሉ ላይ ተሰበረ። ያልሳቁት የኔታ ብቻ ናቸው። «አገባቡስ?» አሉ።

በበር አስረዳኋቸው። «ዶኣ ጋ አይቴ ኢማስ» ካሉ በሩ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ነፋስም ይክፈተው ሌላ፣ ጉዳያቸው አይደለም። «ዶኣ ጋ አኬቴ አሪማስ» ካሉ ግን ሰው ዐስቦበት፣ ለአንድ ጉዳይ ብሎ ከፍቶ ትቶታል ማለት ነው። የከፈተው ሰው ስሙ አይነሣም። ቢሆንም ዓረፍተ ነገሩ ያውቀዋል።

«ለምን ብሎ ነው የሚከፍተው?» አሉኝ።

«ለሚመጣ ሰው ይሆናል፣ የኔታ።»

«ደጎች ናቸው» አሉ።

እኔም ቤቴን አሰብኩ። በርበሬው ተደልዟል። ጌሾው ተወቅጧል። ለማኅሌት ለከርሞ የሚሆናት፣ እጅጌው ረዘም ያለ ቀሚስ ተሰፍቶ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ትርንጎ የሚያማትን ሆዷን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ስትሰፋ እኔ ገብሴን አወራላት ነበር። ቤቴ ውስጥ ያለው ሁሉ አሪማስ ነው።

የኔታ ወደ ቁም ነገሩ መለሱኝ። ታዲያ ሚስትህን ምን ብለህ ቅጹ ውስጥ ልታስገባት ነው አሉኝ። ከመዝገበ ቃላት ፈልጌ ያገኘሁት አለ፤ «ሺንዴ ኢማስ» አልኳቸው። ይሄም ከነዚያ ግሶች ነው፤ «እየ» የለውም፤ አልቆ የቀረ ነው።

«በአማርኛ በለው።»

«ሞታ…» አልኩ።

«ሞታ ምን?»

«ሞታ…»

ጭራቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ይሄ ቦዝ ነው» አሉኝ። «ሰባት ወር ሙሉ የቆምከው በቦዝ ላይ ነው። ለዚህ ነው የደከመህ። እሰረው።»

«ሞታለች» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የቤተ ልሔም ደጅ ያውቀዋል። የኔታ አላባበሉኝም፤ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ፣ ግስ እንደሚያሳይ መምህር ጣታቸውን አንሥተው «አየኸው? አማርኛ ሙትን እንኳ አለች ሳይል አያስርም። ሞታ፣ አለች» አሉኝ። ቀጥለውም ልጅቷ ምን ተብላለች ብለው ጠየቁኝ። ጠበል ሄዳለች ተብላለች አልኳቸው። ከተቀመጡበት ሊነሡ ምንም አልቀራቸውም። «ሰዋስዉስ ደኅና ነው» አሉ። «ሄዳለች የተባለች ግን ትጠበቃለች። ልጅ በር በር እያየ አይደግ። ዛሬውኑ ንገራት።»

ስመለስ በጉብታው በኩል ዞርኩ። ቅዳሜ ነውና አህዮቹ የሉም፤ ኔትወርኩ አለ። ለሰንሰይ በድምፅ ላኩላት፤ ሚስቴ ሺንዴ ኢማስ፤ የልጄ ቀሚስ ግን ተሰፍቶ አሪማስ። አልቆየችም። ሰዋስውህ ሁለቱም ላይ ትክክል ነው አለችኝ። ግን ስለምንወደው ሰው ስንናገር «ናኩናሪማሽታ» እንላለን፤ እንደናንተው «ዐረፈች» ነው አለችኝ። ቅጹን «የሞተችበት» ብላ አርማዋለች። ከዚያ የቀሚሱን ዓረፍተ ነገር ለሌሎች ተማሪዎቼ ምሳሌ ላድርገው ወይ ብላ ፈቃድ ለመነችኝ። ፈቀድኩ። ትርንጎ መጽሐፍ ብታነብ ከኔ የፈጠነች ነበረች፤ መጽሐፍ ውስጥ ብትገባ አይበዛባትም።

የቀረው ከባዱ ነው። ከጉብታው እስከ ቤቴ ሞታለች፣ ሞታለች እያልኩ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ወረድኩ። እትዬ ዘውዲቱ ከቤት ውስጥ ሽሮ ይነፋሉ። ማኅሌት ደጅ ላይ ከጭቃ ምድጃ ትሠራለች። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ስለ ምድጃው ጠየቅኳት፤ ሦስት ጉልቻ እንዳለው አስረዳችኝ። ዐይኖቿን እያየሁ፣ ቦዙንም ማሰሪያውንም አሟልቼ «ማኅሌት፣ እናትሽ ሞታለች» አልኳት።

አላለቀሰችም። በጭቃ እጇ ጉልበቴን ያዝ አደረገችኝ፤ እንደ ትልቅ ሰው። «አውቃለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ቤቱ መለስ ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ግን ለእትዬ እንዳትነግራቸው። ጠበል የሄደች ነው የሚመስላቸው።»