የአዲስ አማኝ አያያዝ

[ከጸሎት አዳራሹ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል። ነጭ ሰሌዳ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች። አሰልጣኙ ከረባቱን አጥብቋል። ሹፌሩ የመኪናውን ቁልፍ በጥርሱ ይዞ ወንበሩን ወዲያና ወዲህ ይገፋል።]

አሰልጣኙ፦ አዙረው አልኩህ! ፊት ለፊት ከተቀመጥክ ምርመራ ይመስላል።

ሹፌሩ፦ አዞርኩት እኮ።

አሰልጣኙ፦ አሁን ደግሞ ጀርባህን ሰጠኸኝ! ሰያፍ አድርገው። ሰያፍ!

ሹፌሩ፦ [ቁልፉን ከአፉ አውጥቶ] ወንድሜ፣ እኔ የጭነት መኪና እንኳ ሳቆም እንዲህ ተቸግሬ አላውቅም።

አሰልጣኙ፦ አዲስ አማኝ ማለት እንቁላል ነው። ወንበር ስትጎትት ይሰነጠቃል። ይሄ ያልገባው ሰው እንዴት የቡድን መሪ ይሆናል?

ሹፌሩ፦ የምን መሪ? ታች በር ላይ እንግዳ የሚቀበሉት እናት "አዲስ አማኝ የሚረዱት ላይ ናቸው" ቢሉኝ ነው እኮ የወጣሁት...

አሰልጣኙ፦ ጥያቄ በመጨረሻ! ከተመዘገበው ሁሉ አንተ ብቻ መጣህ፤ አንተም ጌታ ይባርክህና ደነዝ ነህ። በእኔ እጅ ስንት አዲስ አማኝ እንዳለፈ ታውቃለህ?

ሹፌሩ፦ አሁን የት ናቸው?

አሰልጣኙ፦ ሌላ ቸርች ሄዱ። ጽናት የላቸውም። በል በተግባር እንየው። አንተ አዲስ አማኝ ሁን፣ እኔ መሪ።

ሹፌሩ፦ [ፊቱ ፈክቶ] እሱንማ ነኝ! ባለፈው እሁድ ነው ጌታን የተቀበልኩት።

አሰልጣኙ፦ ጎሽ! ትወናው ውስጥ እንዲህ ግባበት። [ድምፁን አለስልሶ] ወንድሜ ሆይ፣ ልብህ ውስጥ ምን አለ?

ሹፌሩ፦ ፍርሃት። ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ ማለቴ ነው፣ ማመኔን ሰምቷል። ዛሬ ማታ እናቴ ቤት ዘመድ ሰብስቦ ይጠብቀኛል። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው። ደጄን አትርገጥ ካለኝ እናቴን እንዴት...

አሰልጣኙ፦ ቁም! ስህተትህ ታየህ? አዲስ አማኝ እንዲህ ዘርዝሮ አያወራም። ያፍራል፤ አንገቱን ይደፋል።

[ሹፌሩ አንገቱን ይደፋል።]

አሰልጣኙ፦ አበዛኸው! ቀና በል ትንሽ።

ሹፌሩ፦ እውነቴን ነው። ብቻዬን መግባት ፈርቻለሁ። አንድ ሰው አብሮኝ ቢመጣ፣ ምንም ባይናገር እንኳ አጠገቤ ቁጭ ቢልልኝ...

አሰልጣኙ፦ ልታለቅስ ነው እንዴ? መሪነቱ ባይሆንልህም ትወናው ተሳክቶልሃል! እንግዲህ መሪው ምን ይላል? "አይዞህ" ይላል?

ሹፌሩ፦ ቢልማ ምን ነበረበት!

አሰልጣኙ፦ አይልም! "አይዞህ" የሚባለው በሦስተኛው ሳምንት ነው። መጀመሪያ የማዳመጥ ደረጃዎችን ታስረዳዋለህ። [ወደ ሰሌዳው ዞሮ ይጽፋል] አንደኛ፣ ሲናገር አታቋርጠው...

ሹፌሩ፦ ወንድሜ፣ እየመሸብኝ...

አሰልጣኙ፦ አታቋርጠኝ!

[በሩ ይንኳኳል። ኮቱ ላይ የጠመኔ ብናኝ ያለበት አስተማሪ አንገቱን ያስገባል።]

አስተማሪው፦ ይቅርታ፣ ክፍል እያስተማርኩ ዘገየሁ። የቡድን መሪዎች ስልጠና እዚህ ነው?

አሰልጣኙ፦ ግባ፣ ግባ! ከዚህ መሪ ነኝ ባይ የባሰ አትሆንም።

አስተማሪው፦ [ሹፌሩን አስተውሎ] ይሄ ወንድም መሪ ነው? እሁድ ወደ ፊት ወጥቶ ሲጸለይለት አጠገቡ ነበርኩ። አዲስ አማኝ ነው እኮ!

[ማርከሩ ከአሰልጣኙ እጅ ይወድቃል።]

አሰልጣኙ፦ አንተ! ታዲያ ለምንድነው የማትናገረው?

ሹፌሩ፦ ተናገርኩ። "ጎሽ" አልከኝ።

አስተማሪው፦ [ለሹፌሩ] ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ? ፊትህ ጠቁሯል።

ሹፌሩ፦ ታላቅ ወንድሜ ማመኔን ሰምቶ ዘመድ ሰብስቦ እየጠበቀኝ ነው። ብቻዬን መሄድ አቃተኝ።

አስተማሪው፦ አይዞህ። መኪና ይዘሃል አይደል? እንሂዳ።

አሰልጣኙ፦ ወዴት? ቁም! አንተ እኮ ገና አልሰለጠንክም!

ሹፌሩ፦ [አስተማሪውን በክንዱ ወደ በሩ እየጎተተ] ተመስገን ጌታዬ! ቶሎ በል ወንድሜ፣ ሳይጀምርህ እንውጣ!