ጠብታውን ያዳነው ኮሚቴ

በ1976 ዓ.ም. በጋ፣ በአዋሳ ከተማ፣ ለክብሩ ስል ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት፣ የውሃ ብክነት ቅነሳ ጊዜያዊ ኮሚቴ በታላቅ ጭብጨባ ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ እኔ ነበርኩ። ከእኔ የተሻለ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ የተሻሉት ሁሉ ያን ዕለት ቀድመው ፈቃድ ወስደው ነበር።

ጠላታችን የታወቀ ነው፤ የግቢው ቧንቧ ያንጠባጥባል። በዚህ የተነሳ ታንከሩ ከአራት ሰዓት በፊት ባዶ ይሆናል፤ የጽዳት ሠራተኛችን ወይዘሮ ገበያነሽም ከሰፈር ቦኖ በጀሪካን ሲያመላልሱ ወገባቸው ሊቆረጥ ደርሷል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሳንቲም የምታህል ጎማ ብትገባለት እኮ ቀጥ ይላል» አሉኝ።

«ወይዘሮ ገበያነሽ፣ እርስዎ ችግሩን ከቧንቧው አንጻር ብቻ ነው የሚያዩት» አልኳቸው። አባባሌን ስለወደድኩት ቃለ ጉባኤ ላይ አስገባሁት።

ዘጠኝ ጊዜ ተሰበሰብን። ጠብታውን ለመለካት ባልዲ ደቀንን። ባልዲው ሲሞላ መዝግበን ውሃውን እንደፋዋለን፤ ማስረጃ ስለሆነ ለአገልግሎት አይውልም። የበላይ አካል ጥናታችንን ሊጎበኝ ሦስት ቀን ሲቀረው ጸሐፊያችን ጓድ ሙሉጌታ እያለከለከ መጣ።

«ጓድ፣ ጉድ ሆነናል! ጠብታው ቆሟል!»

ለካ ወይዘሮ ገበያነሽ ከአሮጌ የላስቲክ ጫማቸው ቆርጠው ከተውበት ኖሯል። ወዲያው ለግለ ሂስ አቀረብናቸው።

«ጥፋቴን አምናለሁ» አሉ ወገባቸውን ይዘው፤ «ውሃው እንዳይፈስ አድርጌያለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ትንሽ አፈርኩ፤ ነገር ግን ማፈር በአጀንዳው ላይ አልነበረም። ሁለተኛ ቧንቧ እንዳይነኩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ፈርሜ ሰጠኋቸው።

እንግዶቹ ያለ ጠብታ ምን ሊጎበኙ ነው? በጉብኝቱ ጠዋት ጎማዋን ላወጣ እኔው ራሴ ፒንሳ ይዤ ወረድኩ። አንዴ ባዞረው የቧንቧው ራስ እጄ ላይ ቀረ። ውሃው ፊቴን መትቶኝ ሲያበቃ ግቢውን ማጥለቅለቅ ጀመረ። እንግዶቹም የዚያኑ ጊዜ በበሩ ገቡ።

«ይህን የሚዘጋ ሰው የለም?» ብለው ጮኹ የቡድኑ መሪ።

ቧንቧ መዝጋት በኮሚቴው የሥራ ድርሻ አልተካተተም። ቀስ በቀስ ሁላችንም ወደ ወይዘሮ ገበያነሽ ዞርን። እሳቸው ጀሪካናቸው ላይ ቁጭ ብለዋል።

«እኔ እንኳ እንዳልነካ ማስጠንቀቂያ አለብኝ፣ ጌታዬ።»

«ማነው እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ የሰጠዎት?»

ስም መጥራት አላስፈለጋቸውም። ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ የራሰው ሰው አንድ ብቻ ነበር።