የእትዬ ከይሪያ «አንዲት ብቻ»

የተኛ ሕፃን ባየ ቁጥር እጁን ወደ ስልኩ የሚሰድ ዘመድ የለኝም ብሎ የሚምል ሰው ካለ፣ ወይ ልጅ አልወለደም ወይ ዘመዶቹ ተቀይመውታል። ዊዳድ ልጅም ዘመድም ስላላት እትዬ ከይሪያ ከነሙሉ ማዕረጋቸው ደርሰዋታል።

እትዬ ከይሪያ የባሏ የካሊድ አክስት ናቸው፤ የኮምቦልቻ ነዋሪ፣ የቤተሰቡ ባለሙሉ ሥልጣን ፎቶ አንሺ። ሹመቱን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም። የዊዳድ ልጅ ጣሀ ከተወለደ ወዲህ ግን በሚኒባስ ዳገቱን እየወጡ ደሴ ዊዳድ ቤት መመላለስ ሆኗል ሥራቸው። ዊዳድን የሚያንገበግባት የሚመጡበት ሰዓት ነው። ልጁን ስታባብል አርፍዳ፣ ወገቧ ተቆርጦ፣ ዐይኑን ከደነልኝ ብላ ጋደም ስትል በሩ ይንኳኳል።

«አብሽሪ፣ አንዲት ብቻ ናት» ይላሉ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ።

አንዲት! መጀመሪያ ብርሃን ያስፈልጋልና መጋረጃው ይገለጣል። ቀጥሎ ልጁ ይገለጣል። የኮምቦልቻ ሰው የደሴን ብርድ ከየት ያውቀዋል? «ምነው እንዲህ አፈናችሁት» ብለው ብርድ ልብሱን ወደ እግሩ ይገፉታል፣ ቆቡን ያወልቃሉ፣ ፀጉሩን በምራቃቸው ያስተኛሉ። አንድ ቀን ከሹራቡ ጋር አልሄደም ብለው የተኛ ልጅ ካልሲ ቀይረዋል። ከዚያ ዐይን እንዳይበላው ሁሉም ማሻአላህ እንዲል ያዛሉ፤ ሁሉም ይላል፤ ስልኩ ቀጭ ይላል፤ ጣሀ ይጮኻል። ዐይን የሚፈሩት እኚሁ ሴትዮ ፎቶውን ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ይልኩታል።

«አሁን ማን ቀሰቀሰው?» ይላሉ ደግሞ፣ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው እያዩ። ልጁን ደረታቸው ላይ ለጥፈው መንዙማ ያንጎራጉሩለትና መልሰው ያስተኙታል። ሲተኛ ስልካቸውን ያነሳሉ።

ጣሀ በተከተበ ማግሥት የዊዳድ ትዕግሥት አለቀ። ሌሊቱን ሲነጫነጭ አድሮ ረፋዱ ላይ ገና ሸለብ ሲያደርገው እትዬ ከይሪያ ደረሱ፤ ቀጭ አደረጉ። ዊዳድ ተነሳች።

«እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ልጄ የተኛበት ክፍል ስልክ አይገባም።»

እትዬ ከይሪያ ነጠላቸውን አጣፉና ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ።

ቤቱ ሰላም ሊሆን ነበር። ጣሀ ግን አልተኛም። አዘለችው፣ እሹሩሩ አለችው፤ አልሆነም። ካሊድ ልሞክር ብሎ ሲያዜምለት ጭራሽ ባሰበት። መንዙማ ከስልክ ከፈቱለት፤ እንደተታለለ ሰው አምርሮ አለቀሰ። በነጋታው ዊዳድ ዐይኗ አብጦ ኩራቷን ዋጥ አደረገችና ለእትዬ ከይሪያ ደወለች። ልጁ እንቅልፍ እምቢ እንዳለ ነገረቻቸው።

«ስልኬን ይዤ ነው የምመጣ» አሉ።

«ይዘው ይምጡ፣ እትዬ።»

መጡ። ያን ቀን ጫማቸውን በሩ ላይ አወለቁ። ልጁን ደረታቸው ላይ አስተኝተው ማንጎራጎር ጀመሩ፤ መንዙማው ሳይጋመስ ጣሀ ተኛ፤ ጥቂት ቆይተው እሳቸውም። ሻሻቸው ተንሸራቷል፣ አፋቸው ተከፍቷል፤ ጣሀ ጣታቸውን ጨብጦ ይዟል። ዊዳድ ቆማ አየቻቸው፤ ለካ እኚህን ሴትዮ ትወዳቸዋለች። ስልኳን አነሳች። ብርሃኑ ስላነሰባት መጋረጃውን ገለጥ አደረገች፤ የልጁ ፊት አልታይ ስላላት ብርድ ልብሱን ዝቅ አደረገችው።

ቀጭ።

ጣሀ ቤቱን በጩኸት አናጋው።

«አሁን ማን ቀሰቀሰው?» አሉ እትዬ ከይሪያ ዐይናቸውን ሳይገልጡ።

ዊዳድ ስልኩን ከኋላዋ ደበቀች። «አብሽሩ እትዬ» አለች፣ «አንዲት ብቻ ናት።»